ሙዚየም የሌለው ደስታ

አንዲት አገር ስለ ራሷ ምን እንደምታስብ ለማወቅ ከፈለግን ያሏትን ሙዚየሞች መቁጠር መልካም መነሻ ነው። እስቲ የእኛኑ እንቁጠር። ብሔራዊ ሙዚየም አለን፤ ሉሲንና የነገሥታቱን አልባሳት እናይበታለን። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ ያለውም የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ በ2002 ዓ.ም የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ሁሉም ተገቢ ናቸው፤ አንዳቸውም ሊጎድሉብን አይገባም። ነገር ግን አንድ ላይ ሲታዩ የሚናገሩት ሦስት ነገር ነው፤ ሥልጣን፣ ጦርነትና ሐዘን። ሕዝብ ሆነን አብረን የተደሰትንበትን ቀን የሚያስታውስ ቤት ግን የለንም።

ነገሩ በአዲስ አበባ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚጻፈው ከአምደወርቅ ነው። በዋግ ኽምራ ምድር ጥንታዊ ነገር የሚጠበቅበት ቦታ የት ነው ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ሰቆጣ አጠገብ ከአለት ወደ ተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይወሰዳል፤ በዚያም ለዘመናት ተጠብቆ የኖረውን የዋግ ገዢዎች አስከሬን ያያል። መጠበቅን ከጥንት ጀምሮ እናውቅበታለን ማለት ነው። የምንጠብቀው ግን የገዢዎችን አካል ነው። የተገዢው ሕዝብ ጨዋታ፣ ሳቅና ጩኸት በአለት ውስጥ አልተቀመጠም።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ እግር ኳስ ሙዚየም መጻፍ ያስፈለገው። ውድ አንባቢ፣ «አሁን የዚህ ጊዜ ነው ወይ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ሌሎች ምን እንዳደረጉ፣ እኛም ምን እንዳለንና ምን እንዳጣን እንመልከት። (የውጭ አገር ክንውኖችን ዓመት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የአገራችንንና የኢትዮጵያ እጅ ያለበትን በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ሌሎች ምን አደረጉ?

የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ ሙዚየሙን ዙሪክ ላይ የከፈተው በ2016 ነው። ወደዚያ የሚገባ ጎብኚ ከሚያያቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የአባል አገሮች ሁሉ ማልያ በቀለማቸው ቅደም ተከተል እንደ ቀስተ ደመና ተደርድሮ ነው። ብራዚልና ጀርመን ካሉበት ሰልፍ ውስጥ የኢትዮጵያም ማልያ አለ። እንግሊዞች ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየማቸውን በ2001 ፕሬስተን ከተማ ላይ ከፈቱ፤ በ2012 ደግሞ ወደ ማንቸስተር አዛወሩት። ብራዚሎች በ2008 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የከፈቱት ሙዚየም የሚገኘው በአሮጌው የፓካኤምቡ ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር ነው።

የብራዚሎቹ ሥራ ለእኛ ልዩ ትምህርት አለው። ሙዚየሙን የሠሩት ዋንጫ ለመደርደር ብቻ አይደለም። ከጎል ታሪኮች መካከል ጎብኚው ቆሞ የቀድሞ ዘመን የሬዲዮ ጋዜጠኞችን የጨዋታ ዘገባ በጆሮው የሚሰማበት ቦታ አለ። ምክንያቱም ለአብዛኛው ብራዚላዊ የጥንቱ ጎል በዓይን የታየ ሳይሆን በጆሮ የተሰማ ነው። ጥቁር ተጫዋቾች ወደ ሜዳው ለመግባት ያደረጉት ትግልም የታሪኩ አካል ሆኖ ተነግሯል። ሙዚየም ማለት ይህ ነው፤ አገር ራሷን የምትመረምርበት ቤት።

የፊፋው ሙዚየም ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ፣ የዡል ሪሜ ዋንጫ፣ የቀድሞ መቆሚያው ለብዙ ዓመታት የት እንደገባ ሳይታወቅ ቆይቶ በ2015 ከራሱ ከፊፋ ምድር ቤት ተገኘ። ሙዚየም ለመሥራት ሲሉ ጓዳቸውን ፈተሹ፤ ሲፈትሹም የጠፋ የመሰላቸውን አገኙ።

የጠፋው አልተገኘም

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናውም። ያ የዡል ሪሜ ዋንጫ ራሱ ብራዚል በ1970 ለሦስተኛ ጊዜ ስታሸንፍ ለዘለዓለም የሷ ሆኖ ተሰጣት። በ1983 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ከሚገኘው የፌዴሬሽኑ ሕንፃ ተሰረቀ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም።

ወደ አፍሪካችን ስንመለስ ደግሞ የግብፅን እናገኛለን። በ2020 የግብፅ እግር ኳስ ማኅበር የዋና መሥሪያ ቤቱን መግቢያ ወደ ትንሽ የእግር ኳስ ሙዚየም ለመለወጥ አሰበ። የቀድሞ ዋንጫዎቹን ከመጋዘን ለማውጣት ሲሞክር ግን የተወሰኑት የሉም። የአፍሪካ ዋንጫ ከጠፉት መካከል ነበረ። ሕንፃው በ2013 በእሳት ተቃጥሎ ስለነበር ያኔ ጠፍተው ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሣ። አፍሪካን ደጋግማ ያሸነፈችው ግብፅ ዋንጫዋን ያጣችው ሙዚየም ባሰበች ዕለት መሆኑ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። ነገ ጠዋት አንድ ቅን ሰው «የኢትዮጵያን እግር ኳስ ሙዚየም እንክፈት» ቢል ምን እናስቀምጥበታለን?

ከጨርቅ ኳስ እስከ ካርቱም

መጀመሪያ የምናስቀምጠው የጨርቅ ኳስ ነው። በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ቡትቶ ተጠቅጥቆ የተሰፋውን፣ ከአራዳ እስከ አምደወርቅ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን። ከጎኑ የገና በትርና ሩር ይቀመጥ፤ የእግር ኳስ ከመምጣቱ በፊትም ይህ ሕዝብ ቡድን ለይቶ መጋጠምን ያውቅ ነበርና።

ቀጥሎ የ1928 ዓ.ም ይመጣል። የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረበት በዚያው ዓመት፣ በአራዳ ሰፈር አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ወራሪው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ቡድኑ በስሙ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም፤ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» የሚል የጣሊያን ስም ተለጠፈበት። ስም መቀማት የግዛት አንዱ መሣሪያ ነውና የእግር ኳስ ቡድን እንኳ አልቀረለትም። ነፃነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ።

በ1936 ዓ.ም የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። አሸናፊው የእንግሊዞቹ ቡድን ሆነ። ይህን ዝርዝር ደግመን እናንብበው። ከነፃነት ማግሥት፣ የጦርነቱ ቁስል ሳይጠግግ፣ በአንዲት የአዲስ አበባ ሜዳ ላይ ኢትዮጵያዊው፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑና እንግሊዙ በአንድ ሕግ ተገዝተው ይጋጠሙ ነበር። የዚያን ዘመን አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደነበር ከብዙ የታሪክ መጻሕፍት ይልቅ ይህ የአምስት ቡድኖች ሰንጠረዥ ይነግረናል።

ከዚያ ካርቱም። በየካቲት 1949 ዓ.ም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ መሠረቱ። ያኔ ገና ጋና እንኳ ነፃ አልወጣችም፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ከ6 ዓመት በኋላ ነው። አፍሪካውያን በፖለቲካ ከመተባበራቸው በፊት በኳስ ተባብረው ነበር ማለት ነው። በዚያው በመጀመሪያው ውድድር ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ተሰናበተች። ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያ ስለነበረች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የተባለው ተጫዋች ነው። ሽንፈቱ ይመዝገብ፤ ነገር ግን ከሽንፈቱ በላይ ሊመዘገብ የሚገባው አፍሪካ አፓርታይድን በአንድ ድምፅ እምቢ ካለችባቸው የመጀመሪያ መድረኮች አንዱ ያ መሆኑና እኛም እዚያ መኖራችን ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም

የሙዚየሙ ልብ ይህ ቀን ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ተጋጣሚዋ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅ፣ ነበረች። ከ5 ዓመት በፊት አራት ያገባችብን፣ በ1959 እንደ ፈረንጆቹ ካይሮ ላይም አራት የደገመችብን።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ጨዋታው ተጀመረ። ግብፅ ቀድማ አገባች። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ በዳዊ ሁለተኛውን አስቆጠረብን። ስድስት ደቂቃ ሲቀር የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አስቆጠሩ። 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ ዳግም አላገኘነውም።

አሁን የተጫዋቾቹን ስም እንመልከት። ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማቾች ናቸው፤ የአሥመራ ልጆች። ሉቺያኖ በ1935 እንደ ፈረንጆቹ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። መንግሥቱ ወርቁ የጎንደር ተወላጅ ነው። በረኛው ጊላ ሚካኤል ተክለ ማርያም፣ ከእርሱም ጋር ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርኸ፣ በርኸ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረ መድኅን፣ ጌታቸው ወልዴ ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአሥመራ ሜዳዎች ያደጉ ናቸው። ጎሎቹን ያስቆጠሩት ደግሞ የወራሪው አገር ደም ያለባቸው ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ጎንደሬና ግርማ ተክሌ ናቸው። ጊዮርጊስ፣ ጥጥ ማኅበር፣ የአሥመራ ቡድኖች፣ ሁሉም በአንድ ማልያ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዐሥር ወር እንኳ አልሞላም፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ። ስታዲየሙ በደስታ የጮኸበትና የ30 ዓመት ጦርነት ዘር የተዘራበት ዘመን አንድ ዓመት ነው። ይህን የሚያህል የፖለቲካ ትምህርት በየትኛው አዳራሽ እናገኛለን? አብሮ ማሸነፍ ይቻል እንደነበረ የሚመሰክር ማስረጃ አለን፤ ማስረጃውም በተጫዋቾቹ የስም ዝርዝር ላይ ተጽፏል። አብሮ ማሸነፍ ብቻውን በቂ እንዳልነበረም እንዲሁ ተጽፏል። የአንድ ቀን ፍቅር ለፍትሕ ምትክ አይሆንም።

ዋንጫውስ የት ነው? ያ ዋንጫ በካፍ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በግብፃዊው አብዱልአዚዝ ሳሊም ስም የተሰየመ ነበር። ደንቡ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ለዘለዓለም ይውሰደው የሚል ስለነበረ ጋና በ1963፣ በ1965ና በ1978 አሸንፋ የግሏ አደረገችው። ስለዚህ እኛ ሙዚየም ብንከፍት ሉቺያኖ ያነሣውን ዋንጫ በመስታወት ውስጥ ማስቀመጥ አንችልም። ሉቺያኖም ራሱ አዲስ አበባ አልቀረም፤ በደርግ ዘመን ተሰዶ ቀሪ ዕድሜውን ጣሊያን ኖረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም ዐረፈ። መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም ተለይቶናል። ዋንጫው የለም፤ ያነሡትም አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። እንግዲህ የሚቀረን ቃልና ወረቀት ነው።

የአባት ድምፅ፣ የልጅ ወረቀት

ስለ ቃልና ወረቀት ከተነሣ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይበቃናል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም ገደማ ወደ ጀርመን ተልከው የመኪና ሙያ ተማሩ። እዚያው በርሊን ሳሉ ዜማና ግጥማቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ የተቀረጸበት መጀመሪያ ይኸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ያ ድምፅ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ ታድሶ ታተመ። ዛሬ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያዳምጠው ይችላል።

የነጋድራስ ተሰማ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ጅማ ተወለደ። ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድን ተጫወተ፤ ፌዴሬሽኑን አደራጀ፤ ከካፍ መሥራቾች አንዱ ሆነ፤ ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ድረስ ለ15 ዓመታት የካፍ ፕሬዚዳንት ነበረ። አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ላይ የራሷ የተረጋገጠ ቦታ እንዲኖራት በተደረገው ትግል ከፊት ቆመ። አፍሪካውያን በ1966 እንደ ፈረንጆቹ በእንግሊዙ የዓለም ዋንጫ አንሳተፍም ብለው ሲቀሩ ከአድማው መሪዎች አንዱ እርሱ ነበረ፤ በቀጣዩ በ1970ው ውድድር አፍሪካ ቦታዋን አገኘች። ፊፋ አፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ በ1976 እስኪያባርር ድረስም አልተኛም።

የአባትየው ድምፅ ከ110 ዓመት በኋላ ይሰማል፤ ምክንያቱም የበርሊን ሰዎች ቀረጹት፣ አስቀመጡት። የአህጉሩን እግር ኳስ በደብዳቤ፣ በስብሰባና በንግግር የመራው ልጅ ግን ሥራው ሁሉ ቃልና ወረቀት ነበረ። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚገባው ሐውልት ወረቀቱ የሚነበብበትና ድምፁ የሚሰማበት ክፍል ነው። ወጣቱ የእንግሊዝ ክለቦችን ተጫዋቾች ስም ከነመለያ ቁጥራቸው ሲያነበንብ እንሰማለን። ይድነቃቸው ማን ነው ቢባል ስንቱ ይመልሳል? ጥፋቱ ግን የወጣቱ አይደለም፤ የሚያይበት ቤት አልሠራንለትም።

በጆሮ የታየ እግር ኳስ

የአዲስ አበባ አንባቢ ስለ እግር ኳስ ታሪክ ሲያስብ ስታዲየሙ ይታየዋል፤ ካታንጋ፣ ጥላ ፎቅ፣ ሰልፉ፣ ዝናቡ። ለቀረው ኢትዮጵያዊ ግን፣ ለዋግ፣ ለጋሞ፣ ለባሌ ሰው፣ እግር ኳስ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጆሮ ነገር ነበር። ፍቅሩ ኪዳኔ ፋና ወጊ ከሆነበት ዘመን አንሥቶ እስከ ደምሴ ዳምጤ ድረስ የሬዲዮ ጋዜጠኞች አይቶት ለማያውቅ ሰው ሜዳውን በቃል ሣሉለት። ኳሷ ከማን ወደ ማን እንደሄደች፣ ማን እንደወደቀ፣ ማን እንደተነሣ ሰሚው በሐሳቡ ያያል። በሬዲዮው ዙሪያ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ባትሪው እንዳያልቅ ከዜናው ይቆጠባል።

በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ሴካፋ፣ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን 1 ለ 1 ከተለያየች በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፈች። ይድነቃቸው ካረፈ ገና አራት ወሩ ነበር። ያ ዘመን ምን ዓይነት እንደነበር ዋግ ያውቃል። የ1977ቱ ረሀብ ካደቀቃቸው አካባቢዎች አንዱ ይህ ነው፤ ጦርነቱም አላባራም ነበር። ሬዲዮኑ የሚናገረው ስለ ጦር ግንባርና ስለ ዘመቻ ነው። በዚያ ሁሉ መካከል ያው ሬዲዮ ለአንድ ምሽት ሌላ ነገር ተናገረ። ደስታው የመንግሥት አልነበረም፤ የተቃዋሚም አልነበረም። ሁለቱም ወገን ሊጠላው ያልቻለ አንድ ነገር ቢኖር ያ ጎል ነው።

ከዚያም ረጅም ዝምታ መጣ። ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ለ31 ዓመታት ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለስንም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ኦምዱርማን ላይ የደረሰብንን የ5 ለ 3 ሽንፈት ከሜዳ ውጭ ባስቆጠርነው ጎል አካክሰን ስናልፍ ሕዝቡ ያለ ቀስቃሽ አደባባይ ወጣ። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ያስቆጠሯቸው ሁለት ጎሎች ማንም ፓርቲ በሰልፍ ጥሪ ያላገኘውን ሕዝብ አስወጡ።

ስለዚህ የእኛ የእግር ኳስ ሙዚየም የሌሎችን ግልባጭ ሊሆን አይችልም፤ አያስፈልግምም። ዋንጫው ጋና ነው፤ ማልያው አርጅቷል፤ ነገር ግን ሕዝቡ ኳስን ያየው በድምፅ ነውና ሙዚየማችን ከሁሉ በፊት የድምፅ ሙዚየም ሊሆን ይገባዋል። የሬዲዮ ካሴቶችና ክሮች፣ በሕይወት ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾች ቃል፣ የአሥመራም የድሬዳዋም የጎንደርም፣ የዳኞች፣ የደጋፊዎች፣ ኳስ ያቀብሉ የነበሩ ልጆች ትዝታ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። የእግር ኳሳችን ታሪክ ገና በቃል ያለ ነው።

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው ወይ?»

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይህን ጥያቄ ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚህ ሆኖ መመለስ ይከብዳል። ሰቆጣ በዓለም የምትታወቀው በስሟ በተሰየመው በ2007 ዓ.ም የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በተገባው ቃል ኪዳን ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ሲያዳርስ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ተቋማትና ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ሆድ ሳይጠግብ፣ ሰላም ሳይሰፍን የምን የኳስ ሙዚየም ነው የሚል ሰው ልብ የለውም አይባልም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ጦርነት የሚያጠፋው እህልና ቤት ብቻ አይደለም፤ ወረቀትና ካሴትም ያጠፋል። ሰላም እስኪሰፍን እንጠብቅ ያልነው ነገር ሰላም ሲሰፍን ላይኖር ይችላል። የምስክሮቹ ዕድሜም አይጠብቅም። በ1954 ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ሰማንያውን ተሻግሯል። ሁለተኛ፣ በረሀቡና በጦርነቱ ብቻ የሚታወቅ ሕዝብ በደስታውም የመታወቅ መብት አለው። ዋግን የሚያውቅ ፈረንጅ ሁሉ የሚያውቀው በተራበ ሕፃን ፎቶግራፍ ነው። ያው ሕፃን የጨርቅ ኳስ እንደነበረው የሚናገር ፎቶግራፍ ግን ማን አነሣ?

ሦስተኛም ልጨምር። ታሪኩ የሌለው ሰው ያለውን ቦታም ይለቅቃል። ካፍን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ፣ የባሕር ዳር ስታዲየም ከደረጃ በታች ነው ተብሎ በካፍ ከታገደ በኋላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም ከጋና ጋር የነበራትን የ«ሜዳዋን» ጨዋታ ያደረገችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ካርቱም ላይ በዘረኝነቷ ምክንያት ከመጀመሪያው ውድድር የተሰናበተችው ደቡብ አፍሪካ፣ ነፃ ወጥታ፣ ሜዳ ሠርታ፣ ሜዳ ላጣችው መሥራች አገር ሜዳ አዋሰቻት። ለደቡብ አፍሪካ ደስ ይበለን። ለራሳችን ግን እንፈር። የት እንደነበርን የሚያሳየን መስታወት ቢኖረን ኖሮ የት እንደደረስን ቶሎ ይታየን ነበር።

ስሞች እንዳይቀሙ

ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። በአገራችን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስም ይለወጣል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የአዲስ አበባ ስታዲየም ሆነ። መቻል የነበረው የሠራዊቱ ቡድን መከላከያ ተባለ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ መልሶ መቻል ተባለ። ወራሪው በቅዱስ ጊዮርጊስ ላይ ያደረገውን እኛው በራሳችን ላይ ደጋግመን አደረግነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሙዚየም ቢከፈት የአንድ ዘመን መንግሥት ማስታወቂያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። የንጉሡን ዘመን ድል ለማሳነስ፣ የደርግን ዘመን ድል ለመደበቅ፣ የኋለኛውን ለማጋነን የሚሠራ ከሆነ ባይኖር ይሻላል። አሥመራን የሚያፍርበት፣ ሉቺያኖን «ክልስ ነው» ብሎ ወደ ጥግ የሚገፋ፣ የአርመኑንና የግሪኩን ቡድን የሚዘልል ሙዚየምም ሙዚየም አይባልም።

ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። ብራዚሎች በአሮጌ ስታዲየም መቀመጫ ሥር እንደሠሩት የእኛም ከአዲስ አበባ ስታዲየም ሥር ከሚገኙት ክፍሎች በጥቂቶቹ ሊጀመር ይችላል። አንድ መቅረጫ፣ ጥቂት ታጋሽ ወጣቶችና የአረጋውያኑን ደጅ የሚያንኳኳ ትሑት ሰው ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። የተቀረጸው ድምፅ ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ አይቀመጥ፤ ጨዋታውን በጆሮው ወዳየው ሕዝብ፣ ወደ ሰቆጣም ወደ አምደወርቅም ይመለስ። የገዢዎቹን አስከሬን ያኖርነው በአለት ውስጥ ነው፤ የሕዝቡን ጩኸት ለማኖር አለት መፈልፈል እንኳ አይጠይቅም፤ መቅረጫውን መክፈት ይበቃል።

ቸር ይግጠመን።